ላልወጣነው ተራራ የከፈልነው ቀብድ



በአገራችን «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ሆኗል። ለልቅሶ የሚሄድ ይጠይቀዋል፤ ለሠርግ የተጠራ ይጠይቀዋል፤ ለአገልግሎት ወደ ገጠር የሚወጣ ወንጌላዊም ይጠይቀዋል። እኛ አጥብቀን የጠየቅነው ተራራ ለመውጣት በተነሣን ጊዜ ነው። «ለተራራ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጌታ በዚህ ትንሽ በሚመስል ጉዳይ ስለ እምነትና ስለ ማስተዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ባልንጀራ ያስተማረን ነገር ስላለ ልናካፍላችሁ ወደድን።

እኛ በአንድ የቤት ኅብረት አብረን የምንጸልይ ሰባት ሰዎች ነን። ከመካከላችን ነርስ አለች፣ አስተማሪ አለ፣ ሁለት ባልና ሚስት አሉ፣ ገና ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ታናሽ ወንድምም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ የመውጣት ልማድ አለን። በእንጦጦ ጀምረን የረርን፣ ወጨጫንና ዝቋላን ወጥተናል። ጫፍ ላይ ስንደርስ ቁጭ ብለን እንጸልያለን፤ ስለ ከተማዋ፣ ስለ አገራችን፣ ስለ እያንዳንዳችን ቤት። ጌታችንም ከሕዝቡ ተለይቶ ለመጸለይ ወደ ተራራ ይወጣ እንደ ነበር ወንጌላቱ ይነግሩናል። ሰውነት ሲደክም ልብ የሚከፈትበት ጊዜ መኖሩን እኛም በጥቂቱ ቀምሰነዋል።

በ2016 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን «ራስ ደጀንን እንውጣ» የሚል አሳብ መጣ። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝም የአገራችን ከፍተኛው ተራራ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ በ2011 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደው እስከ ጨነቅ ድረስ ደርሰው ነበር። ጭላዳው በመንጋ ሣር ሲነጭ፣ ዋልያው በገደሉ ጠርዝ ሲቆም ያዩትን ሲያወሩ የሰማን ሁሉ ጓጓን። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ምድሩ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይበትን የጥቅምት ወር መረጥን። በየወሩ ገንዘብ ማጠራቀምም ጀመርን።

የተራራው ዕቅድ ቀላል ነበረ

ስለ ተራራው ስናቅድ ብዙም አልተቸገርንም። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ከተማ ነው። እዚያ ተመዝግቦ፣ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ስካውት ይዞ፣ ለጭነት በቅሎና ባለ በቅሎ ተከራይቶ መግባት ነው። ሳንቃበር አንድ ሌሊት፣ ግጭ አንድ ሌሊት፣ ጨነቅ ሁለት ሌሊት። ከዚያ በቧሂት አንገት ተሻግሮ ወደ መሸሓ ወንዝ መውረድ፣ እንደገና ወደ አምቢቆ መውጣት፣ ከአምቢቆም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ወደ ጫፉ።

ነርሷ እህታችን የከፍታውን ነገር በሚገባ አጠናችልን። ከ3,000 ሜትር በላይ ሰው የሚያድርበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ መጨመር እንደማይገባው፣ በየሦስትና አራት ቀኑ ዕረፍት እንደሚያስፈልግ፣ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽና ከማስታወክ ጋር ከመጣ ወደ ላይ መቀጠል እንደማይቻል፣ ሕመሙ ከባሰም ትልቁ መድኃኒት መውረድ እንደ ሆነ አስረዳችን። ሁላችንም ተስማማን። «ወደ ኋላ እንመለስ» ያለውን ሰው ማንም እንዳይጨቀጭቀውም ቃል ተጋባን።

ከባዱ ነገር ተራራው አልነበረም። ተራራው ጋ የሚያደርሰው መንገድ ነበረ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ሩቅ ተራሮችን የሚወጡ ሁሉ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በኪርጊስታን ተራሮች ትልልቅ ገደሎችን ለመውጣት የሄዱ አራት ወጣት አሜሪካውያን በታጣቂዎች ታግተው ስድስት ቀን ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 በፓኪስታን ናንጋ ፓርባት ሥር በሰፈሩበት ቦታ 10 የውጭ አገር ተራራ ወጪዎችና አንድ ፓኪስታናዊ በሌሊት ተገድለዋል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኤርታ አሌን ሊያዩ የሄዱ አምስት ጎብኚዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እነዚህን ሰዎች የጎዳቸው ገደል ወይም በረዶ አልነበረም። በዚያ አካባቢ የነበረው የሰው ጠብ ነው። ገመድ፣ ጫማና ጃኬት በጥንቃቄ የሚመርጥ ሰው የሚያልፍባቸውን መንደሮች ነገር ካልመረመረ ዕቅዱ ግማሽ ነው።

ከአዲስ አበባ ደባርቅ በመኪና ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፍቼና በገርበ ጉራቻ አልፎ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ወደ ደጀን ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ጎንደር ይገባል። ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በደኅናው ዘመን የሁለት ቀን ደስ የሚል ጉዞ ነው። ነገር ግን በጥቅምት 2013 የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደባርቅ ዙሪያ ደርሶ ነበር። በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም ተስፋ ያደረግን ብዙዎች ነበርን፤ ዓመት ሳይሞላ በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። እኛም ዕቅዳችንን አጠናቅቀን በነበረበት በሰኔ 2016 መጨረሻ፣ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አቅራቢያ ላይ መታገታቸውን ሰማን።

እኛ ልንሄድበት ባሰብነው መንገድ ነው። ከምንሄድበት ከተማ ነው የመጡት። ተማሪዎች ናቸው፤ መጽሐፋቸውንና ልብሳቸውን ይዘው ወደ እናቶቻቸው ይመጡ የነበሩ ልጆች። በዚያ ሳምንት በኅብረታችን ስለ ጥቅምቱ ጉዞ ማንም አልተናገረም፤ ተንበርክከን ስለ እነርሱ ጸለይን።

ዕዝራና ነህምያ

በሚቀጥለው ሳምንት ግን ጥያቄው ተነሣ። እንሂድ ወይስ እንቅር?

ታናሹ ወንድማችን እንሂድ አለ። ያነሣው ቃል ዕዝራ ምዕራፍ 8ን ነው። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሣ፣ እግዚአብሔር የሚፈልጉትን ሁሉ እንደሚረዳ ለንጉሡ ተናግሮ ስለ ነበር፣ መልሶ የወታደር አጃቢ መለመን አሳፈረው። «እኛም በየእሁዱ ጌታ ጠባቂያችን ነው ብለን እየዘመርን በመንገድ ወሬ ወደ ኋላ ብንመለስ ምስክርነታችን የት አለ?» አለን። እምነቱ እውነተኛ ነው። ማንም ሊያሳንሰው አልፈለገም።

አስተማሪው ወንድማችን ደግሞ ጥቂት ገጽ ገልጦ ነህምያ ምዕራፍ 2ን አነበበልን። ነህምያ ወደዚያችው ከተማ ሲሄድ ከወንዙ ማዶ ላሉት ገዢዎች የይለፍ ደብዳቤ ጠየቀ፤ ንጉሡም የጦር አለቆችና ፈረሰኞች ላከለት። ነህምያ በዚህ አላፈረም። የሆነለትንም ሁሉ የአምላኩ መልካም እጅ እንደ ሆነ ቆጠረው። ዕዝራም ስለ ራሱ ጉዞ የሚናገረው ስለዚያው እጅ ነው።

እንግዲህ መንገዱ አንድ፣ አምላኩም አንድ፤ አንዱ አጃቢ አልጠየቀም፣ አንዱ አጃቢ ይዞ ሄደ። ማን ትክክል ነበረ? ሁለቱንም ክፍሎች ለሁለት ሳምንት አብረን አጠናናቸው። ሁለቱን የሚያለያይ ሳይሆን አንድ የሚያደርግ ነገር አገኘን።

አንደኛ፣ ሁለቱም መንገዱ አደገኛ መሆኑን አልካዱም። ዕዝራ በመንገድ ላይ ጠላትና የሚሸምቅ እንዳለ በግልጽ ይናገራል። እምነቱ አደጋውን በስሙ ጠርቶ በጌታ ፊት ያቀረበ እምነት ነው። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ጊዜ ወስደው ጸለዩ። ዕዝራ በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ሰፍሮ ጾም ዐወጀ። ነህምያም ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን፣ ማለትም አራት ወር ያህል ጉዳዩን በልቡ ይዞ ቆየ። ሦስተኛ፣ ሁለቱም በጥንቃቄ አቀዱ። አጃቢ ያልጠየቀው ዕዝራ እንኳ ብሩንና ወርቁን በሚዛን መዝኖ ለአሥራ ሁለት ካህናት አስረክቧል፤ ሲደርሱም እንደገና ተመዝኗል። «ጌታ ይጠብቀዋል» ብሎ ያለ ቁጥር አልጫነም።

አራተኛው ይበልጥ ነካን። ሁለቱም የሄዱት የተላኩበት ጉዳይ ስላለ ነው። አንዱ ሕጉን ለሕዝቡ ሊያስተምር፣ አንዱ የፈረሰውን ቅጥር ሊሠራ። እኛስ? ተላክን ወይስ ፈለግን? ተራራ መፈለግ ኃጢአት አይደለም፤ ጌታ ልጆቹ በፍጥረቱ ሲደሰቱ ደስ ይለዋል ብለን እናምናለን። ነገር ግን ለፍላጎት የሚከፈል ዋጋና ለመልእክት የሚከፈል ዋጋ እኩል አይደለም። ጳውሎስ የወንዝና የወንበዴ ፍርሃት በበዛበት መንገድ የሄደው ወንጌል ይዞ ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የተፈተነበትን ቦታም አሰብን። ፈታኙ ወደ ከፍታ አወጣው፤ መላእክት እንደሚጠብቁት የሚናገረውን የመዝሙር ቃል እየጠቀሰም ራሱን እንዲወረውር ጠየቀው። የጥበቃ ተስፋ ያለበት ቃል ራስን ለመወርወር ሲጠቀስ ፈተና ይሆናል። ጌታም አልተወረወረም። በዚህ ምክንያት የአብ ጠባቂነት አልቀነሰም።

የእኛ አደጋ የማን ነው?

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ውይይት ቀላል አልነበረም። ሰባታችን የተወለድነው ከተለያየ ብሔር ነው። በኅብረታችን ይህ ጉዳይ አይነሣም፤ በክርስቶስ ደም አንድ ቤተሰብ ሆነናልና። በመንገድ ላይ ግን መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው የሚያየው ደሙን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ከዓባይ ወዲህ ለአንዱ የሚያሰጋው፣ ከዓባይ ወዲያ ለሌላው ያሰጋል። ይህን ጮክ ብሎ መናገር ከበደን። ከእህቶቻችን አንዷ ግን በእርጋታ እንዲህ አለች፦ «ለስድስታችሁ ሰላም የሆነ መንገድ ለእኔ ሰላም ላይሆን ይችላል። እናንተ ሂዱ ካላችሁኝ እሄዳለሁ። ግን ከመወሰናችሁ በፊት እወቁት።»

ከዚያች ምሽት ጀምሮ አንድ ደንብ ተከተልን፦ የመንገዱን ደኅንነት የምንለካው ከመካከላችን በጣም በሚጋለጠው ሰው እንጂ በብዙኃኑ አይደለም። ጳውሎስ ስለ አካል ብልቶች ሲጽፍ ደካማ የሚመስለው ብልት የሚያስፈልግ እንደ ሆነ ያስተምራል። ይህ ትምህርት ለመድረክ ብቻ አይደለም፤ ለመኪና ጉዞም ይሠራል።

ቀጥሎ የሹፌሩ ጉዳይ ነው። ሚኒባስ የምንከራየው ጋሼ እያልን ከምንጠራቸው ጎልማሳ ሹፌር ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደሉም፤ በመኪናቸው መስተዋት ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አለ። የምንሰጠው የኪራይ ገንዘብ ለእርሳቸው ትልቅ ነገር እንደ ሆነ እናውቃለን። ስንጠይቃቸው ወዲያው እምቢ አላሉም። «ልጆች፣ እናንተ እንሂድ ካላችሁ እነዳለሁ። መንጃ ፈቃዴ ለዚህ ነው። ግን ለባለቤቴ ምን ብዬ ልንገራት?» አሉን።

ይህ ጥያቄ ከስብከት በላይ ሠራብን። እኛ ሰባታችን ጸልየን ልንወስን እንችላለን። እርሳቸው ግን የሚወስኑት እንጀራቸውን እያሰቡ ነው። ብንታገት ቤታቸውን የሚሸጡት የእኛ ወላጆች ብቻ አይደሉም። የእርሳቸው መኪና ቢቃጠል ልጆቻቸው የሚማሩበት ገንዘብ ነው የሚቃጠለው። በእምነታችን ስም የሌላውን ሰው ሕይወት መያዣ የማድረግ መብት ማን ሰጠን? ዳዊት በዋሻው ሳለ የቤተ ልሔምን ውኃ ተመኘ፤ ሦስት ኃያላን በጠላት ሰፈር ሰንጥቀው አመጡለት፤ እርሱ ግን በነፍሳቸው የመጣ ነውና አልጠጣውም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው (2ኛ ሳሙ. 23)። እኛም ጋሼ በነፍሳቸው የሚያመጡልንን ውኃ ለመጠጣት ጉሮሯችን እምቢ አለ።

ከደባርቅ የመጣው መልስ

የመኪናውን አሳብ ትተን ሌላ አማራጭ ፈለግን። እስከ ጎንደር በአውሮፕላን፣ ከዚያ የቀረውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመኪና። ይህ ከሆነ ዋናው ጥያቄ የጎንደርና የደባርቅ መንገድ፣ እንዲሁም የተራራው መንደሮች ሁኔታ ነው። ይህን ደግሞ አዲስ አበባ ሆኖ የሚያውቅ የለም። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለ ነበር የሚታመን ወሬ ማግኘት ከባድ ነበረ። ስለዚህ ሁለቱን ወንድሞቻችንን በ2011 ወደ ተራራው ላወጣቸው አስጎብኚ ስልክ ደወልን።

ስለዚህ ሰው ጥቂት ልንነግራችሁ ይገባል። ከ2013 ጀምሮ ሥራው ወድቋል። ጎብኚ ሲጠፋ የተጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ባለ በቅሎው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ስካውቱ፣ በመንገድ ዳር እንቁላል የሚሸጡት ሁሉ አብረው ተጎድተዋል። ሰባት ሰው ለስምንት ቀን የሚወጣ ጉዞ ለእርሱ የወራት ገቢ ነው። «ኑ፣ ሰላም ነው» ቢለን ማን ይወቅሰው ነበር?

እርሱ ግን ጥቂት ቀን ስጡኝ አለን። ከአራት ቀን በኋላ መልሶ ደወለ። ከሳንቃበር ማዶ ያሉትን ሰዎች ጠይቋል፤ በመናኸሪያ ሹፌሮችን አነጋግሯል። እንዲህም አለ፦ «እንድትመጡ እፈልጋለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል ሥራውን እፈልገዋለሁ። ግን አሁን አትምጡ። አንድ ሳምንት ሰላም ይሆናል፣ በሚቀጥለው መንገዱ ይዘጋል። ብትገቡ እንኳ የምትወጡበትን ቀን ልነግራችሁ አልችልም። እናንተን ተራራ ላይ ይዤ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ብዙ ዝም አልን። በእግዚአብሔር ድንኳን ማን ያድራል ብሎ የሚጠይቀው መዝሙር 15 ከሚዘረዝራቸው አንዱ፣ የሚጎዳው ቢሆን እንኳ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። ያንን ሰው በስልክ ሰማነው። የእኛ ዓይነት ጉባኤ አይካፈልም፤ ነገር ግን እውነቱን ለመንገር ወራት ሙሉ የሚበላውን እንጀራ ከፈለ።

እሁድ ማታ ሰባታችን ተሰበሰብን። ታናሹ ወንድማችን ነው በመጀመሪያ የተናገረው፦ «ዕዝራ ያፈረው በንጉሥ ፊት ነው። እኔ ዛሬ የማፍረው ይህ ሰው እውነቱን ነግሮን ሳለ ሄጄ ብገኝ ነው።» በአንድ ልብ ጉዞውን አቆየነው።

ቀብዱ

አሁን የቀረው ያጠራቀምነው ገንዘብ ነው። መከፋፈል እንችል ነበር። ወንጪ ወይም ሌላ ቅርብ ቦታ መሄድም እንችል ነበር። በጸሎት ሳለን ግን ኤርምያስ ምዕራፍ 32 በልባችን መጣ።

ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባለች። ነቢዩ ራሱ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። በዚያ ቀን የአጎቱ ልጅ መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛኝ ይለዋል። ማን ነው በጠላት እጅ ያለ መሬት የሚገዛ? ኤርምያስ ግን በእግዚአብሔር ቃል አሥራ ሰባት ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፤ ውሉን በምስክሮች ፊት ፈረመ፤ ብዙ ዘመን እንዲቆይም በሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው። በዚያች ምድር ቤትና እርሻ እንደገና የሚገዛበት ቀን ይመጣልና።

ልብ በሉ፤ ኤርምያስ በዚያ ቀን ወደ ዓናቶት አልሄደም። የከበባውን ጦር ሰንጥቄ እሻገራለሁ አላለም። ግን ከፈለ። አለመሄድ ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ መሄድም ሁልጊዜ እምነት አይደለም። በዚያ ሰዓት እምነት የከፈለው ቀብድ ነበረ።

ስለዚህ ለአስጎብኚው መልሰን ደወልን። «የዚህን ዓመት የአንተንና የባለ በቅሎዎቹን ዋጋ እንላክልህ» አልነው። መጀመሪያ አልተቀበለም። «ያልሠራሁበትን አልበላም» አለ፤ ልክ ነው፣ ሰው ክብር አለው። እኛም «ምጽዋት አይደለም፤ ቀብድ ነው። መንገዱ ሲከፈት አንተ ታወጣናለህ፤ በቅሎዎቹም የእኛ ተይዘዋል» አልነው። ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። «እንግዲያስ ደረሰኝ እጽፍላችኋለሁ» አለ። ገንዘቡን በቴሌብር ላክን። በማግስቱ በወረቀት ላይ በእጁ የጻፈውን የሰባት ሰው ደረሰኝ ፎቶ አንሥቶ ላከልን፤ የመውጫው ቀን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ለጋሼም የአንድ ቀን ኪራይ በዚሁ መልክ ሰጠናቸው። ለባለቤታቸው ምን ብለው እንደ ነገሯት ግን አልጠየቅናቸውም።

ይህን ስንጽፍ ራስ ደጀንን ገና አልወጣነውም። ያ ደረሰኝ ግን በጸሎት ርዕሳችን ውስጥ አለ። ስለ አገራችን ሰላም ስንጸልይ ከእንግዲህ በጅምላ አንጸልይም። ስለ አንድ መንገድ እንጸልያለን፤ በስም ስለምናውቃቸው ከተሞች፣ ስለ ባለ በቅሎዎቹ ልጆች፣ በጫካ ስላሉትና መሣሪያ ስለ ያዙት ወጣቶችም ጭምር። ቀብድ የከፈለ ሰው አጥብቆ ይጠብቃል። ጌታም ለእኛ እንዲሁ አይደል ያደረገው? ርስታችንን ገና ሳንይዝ መንፈስ ቅዱስን በልባችን መያዣ አድርጎ ሰጠን (ኤፌ. 1፥13-14)። ገና ያልደረስንበት አገር አለን፤ ዋጋው ግን ተከፍሏል።

ለጉዞ ለምትዘጋጁ

ለአገልግሎት፣ ለቤተሰብ ጉዳይ ወይም እንደ እኛ ለተራራ፣ ሰላሙ ባልጸና አካባቢ መንገድ ለመጀመር የምታስቡ ወገኖች እነዚህን ጥያቄዎች በጸሎት እንድታዩ እንመክራለን፦

1. የሄድነው ተልከን ነው ወይስ ፈልገን? ሁለቱም ቦታ አላቸው፤ የሚገባቸው ዋጋ ግን ይለያያል።

2. ወሬውን ከማን ሰማን? ከቴሌቪዥን ብቻ ሳይሆን ትናንት በመንገዱ ከነዳ ሹፌርና እዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቁ። እውነቱን ሲነግራችሁ የሚጎዳው ሰው «አትምጡ» ካላችሁ ስሙት።

3. ከመካከላችን በጣም የሚጋለጠው ማን ነው? እርሱ ሳይጠየቅ አትወስኑ።

4. ከእኛ ጋር የሚሄደው ሹፌር፣ አስጎብኚና ሠራተኛ እምቢ ለማለት ነጻ ነው? ገንዘባችን አፉን ዘግቶበት ይሆን?

5. ከየት ላይ እንመለሳለን? የመመለሻውን ምልክት ከመነሣታችሁ በፊት ጻፉት። በቀን ብቻ ተጓዙ፤ ከፊት የሚመጣውን መኪና ሹፌር አስቁማችሁ ጠይቁ፤ የት እንደምትደርሱና መቼ እንደምትደውሉ የሚያውቅ ሰው ቤት ይኑር።

6. ባንሄድስ ምን ማድረግ እንችላለን? የቀረ ጉዞ የቀረ ፍቅር እንዳይሆን።

ከመካከላችሁ ጌታን ገና ያላወቃችሁ፣ ነገር ግን በዚህ ዘመን መንገዱ ሁሉ የተዘጋባችሁ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ወደ አብ የሚያደርሰው መንገድ የማንም ኬላ የለበትም። የዚያ መንገድ አደጋ ሁሉ በአንዱ ላይ አርፏል፤ እርሱ ኢየሱስ ነው። ማንንም ወደ አደጋ ሳይልክ ራሱ ሄደ። ዛሬም ወደ እርሱ ለሚመጣ ሁሉ ክፍት ነው።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ ስለ አገራችን መንገዶች ወደ አንተ እንጮኻለን። የታገቱትን አስፈታ፤ ያዘኑትን እናቶች አጽናና። መሣሪያ ያነሡትን እጆች ወደ ሰላም መልስ። በፍርሃት እንዳንታሰር፣ በድፍረትም እንዳንፈትንህ ማስተዋልን ስጠን። እውነትን ለሚናገሩ፣ በዚያም ለሚጎዱ ሰዎች እንጀራቸውን አንተ ስጣቸው። እስከዚያች ቀን ድረስ በተስፋ እንድንጠብቅ እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።